ሱቁ ሲዘጋ ጄኔሬተሩም ይዘጋል፦ ቱሉ ዲምቱ እየኖርኩ ፍሮዝን ምግብ እንዴት እንደምገዛ

አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ ወይም ገላን የሚኖር፣ ከተማ ውሎ በምሽት የሚገባ ሰው አንድ ቀን ፍሮዝን ምግብ ልሞክር ማለቱ አይቀርም። እኔም የጀመርኩት በዚሁ ምክንያት ነው። ከሥራ ወጥቼ፣ ለታክሲ ተሰልፌ፣ የቃሊቲን መንገድ አልፌ ቤት ስደርስ መሽቷል። በዚያ ሰዓት ሽንኩርት ከትፎ ቁሌት ማቁላላት አቅም ይጠይቃል። ከዚህ በታች የምጽፈውን አስቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ገንዘቤም አይባክንም፣ እስከ ዛሬ የማይለቀኝ ንዴትም ባልነበረ።

ጊዜው የ2017 ዐቢይ ፆም ነው። ፆሙ የካቲት 17 ገባ፣ ረመዳን በ22 ተከተለ። ሁለቱ ሲገጥሙ ሱፐርማርኬቶች ሌላ መልክ ይይዛሉ። መግቢያው ላይ ቴምር በካርቶን ተቆልሏል፤ ፍሪዘሩ በምስር ሳምቡሳ፣ በስፕሪንግ ሮል፣ በፈላፍል፣ በሳምቡሳ ሊጥ፣ በአተርና በተከተፈ ድንች ሞልቷል፤ በኬኩ በኩል ደግሞ የፆም ኬክ ተደርድሯል። ሳሪስ አካባቢ ካለ አንድ ሱፐርማርኬት ከየዓይነቱ ገዝቼ ወጣሁ።

ደህና የሆነውን በአጭሩ ልናገር። አተሩ ከጠበቅኩት በላይ ነው፤ አልጫ ውስጥ ሲገባ የገበያ እሸት ይመስላል። ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን የመቀቀያ ደቂቃ ግን አትመኑ። እኛ ያለነው ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ ነው፤ እዚህ ከ93 ብዙም አያልፍም። ስለዚህ የሚቀቀል ነገር ሁሉ ትንሽ ጭማሪ ጊዜ ይፈልጋል። ድንቹ ልጆች ይወዱታል፣ ነገር ግን አትክልት ተራ ድንች ባለበት አገር ለዚህ ያን ያህል ብር ማውጣት አይዋጥልኝም። ፈላፍሉ ይደርቃል። የፆም ኬኩ ከሻይ ጋር ጥሩ ነው፣ በበነጋታው ግን ይፈረፈራል።

ከሁሉ የበለጠው የሳምቡሳ ሊጡ ነው። ለረመዳን በየቀኑ ሳምቡሳ የምትሠራ ጎረቤቴ ናት ያስተማረችኝ። ሊጡ ከፍሪዘር ሲወጣ እርጥብ ጨርቅ ጣል ይደረግበታል፣ ቅጠሉ አንድ በአንድ ሲላቀቅ ምስሩን በቃሪያና በሽንኩርት ሠርቶ አቀዝቅዞ መሙላት ነው። ትኩስ ምስር ከሞላችሁ ሊጡን ያረጥበውና ዘይት ውስጥ ይፈታል። ሥራው ግማሽ ስለሆነ ፈጣን ነው፤ ውስጡ ምን እንዳለም ታውቃላችሁ።

ለፆም የሚገዛ ሰው ደግሞ ይህን ይያዝ፦ ሥጋ የለውም ማለት ፆም ነው ማለት አይደለም። ከውጭ የመጡት አንዳንዶቹ ማጣበቂያቸው እንቁላል፣ ሊጣቸው ደግሞ የወተት ዱቄት አለበት። የሱቁ ልጅ «የፆም ነው» ስላለ ብቻ አትውሰዱ፣ ጀርባውን አንብቡ።

አሁን ወደ ምስር ሳምቡሳው።

ከረጢቱን ስከፍት ሳምቡሳዎቹ እርስ በርስ ተጣብቀው አንድ ድንጋይ ሆነዋል። ሥር ላይ ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው ነጭ በረዶ አለ፤ በረዶው ውስጥ የምስር ፍሬ ይታያል። ከቀዘቀዘ ሳምቡሳ ውስጥ ምስር ወጥቶ በረዶ ውስጥ ሊገባ አይችልም። አንዴ ቀልጦ፣ ውሃው ወደ ታች ወርዶ፣ ምስሩን ይዞ እንደገና ካልረጋ በቀር። ይህንን ያሰብኩት ግን ዘይቱ ከተንጣጣ በኋላ ነው። ሊጡ ተፈታ፣ ምስሩ መጥበሻው ውስጥ ተበተነ፣ ቤቱን ኮምጠጥ ያለ ሽታ ሞላው። ሁሉንም ደፋሁት። ቀኑን ሙሉ ፆም ውሎ የተራበ ቤተሰብ ፊት ምግብ መድፋት ምን እንደሚመስል የደፋ ያውቀዋል።

ቅዝቃዜ ተህዋስያንን አይገድልም፣ እንዳይባዙ ያቆማቸዋል እንጂ። ሲቀልጥ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ፍሮዝን ምግብ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ወይም ከዚያ በባሰ ቅዝቃዜ መቆየት አለበት የሚባለው ለዚህ ነው። እኔ ከሱቁ ይዤው የወጣሁት ቅዝቃዜ በሚይዝ ቦርሳ ነው፣ ቤት ስደርስ ሌላው ሁሉ ጠጣር ነበር፣ አተሩ በከረጢቱ ውስጥ ሲነቀነቅ ይንሿሿ ነበር። ያበላሸው መንገዱ ወይም የእኔ ፍሪጅ ቢሆን ኖሮ አተሩም አብሮ ይያያዝ ነበር።

ደረሰኜንና ከረጢቱን ይዤ ተመለስኩ። ካሸሯ ወደ ሱፐርቫይዘሩ መራችኝ። ከረጢቱን እንኳ ሳያይ ጣቱን ወደ ግድግዳው ቀሰረ፤ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ይላል።

«ወንድሜ፣ ዕቃው የተበላሸ ነው» አልኩት።

«እህቴ፣ ከዚህ ስትወጪ ደህና ነበር። መብራት ጠፍቶብሽ ይሆናል። እናንተ ሰፈር መብራት እንደሚጠፋ የታወቀ ነው።»

ይህ አነጋገሩ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ዳር የሚኖር ሰው ሁሉ ነገሩ የተበላሸ፣ ቃሉም የማይታመን ነው የሚመስላቸው። እሺ፣ ፍሪዘርህ ውስጥ ያለውን እንይ አልኩት። አልፈለገም። እኔው ሄጄ ከፈትኩ። ያው ነው! ከላይ ያሉት ከረጢቶች ሳይቀሩ እንደ ጡብ ደርቀዋል፣ ሥራቸው ነጭ በረዶ ነው። አንድ ወጣት ሠራተኛ አጠገባችን ቆሞ አንዱን ከረጢት ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ያጋጫል፤ የተጣበቀው እየተላቀቀ ሲንኮሻኮሽ ይሰማል፣ ከዚያ ጠረግ አድርጎ መልሶ ይደረድረዋል። ለምን እንደሚመታው ስጠይቀው፣ ልጅ ነውና ሳይሸሽግ ነገረኝ፦ ማታ መብራት ከሄደ ጄኔሬተር የሚነሳው ሱቁ ክፍት ሲሆን ብቻ ነው፤ ከተዘጋ በኋላ የሚያስነሳው የለም፤ ጠዋት ሲገቡ የተያያዘውን ይበታትናሉ።

ሱፐርቫይዘሩ ልጁን ገላመጠውና ዞር በል አለው። እኔን ደግሞ ደረሰኝ ከማሽን ከወጣ በኋላ መሰረዝ አይቻልም፣ ከፈለግሽ በዋጋው ሌላ ዕቃ ውሰጂ አለኝ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል። ይህንን ስነግረው «አዋጁን ሂጂና ለባለቤቱ ንገሪው» አለ። ባለቤቱ የለም፣ ስልኩ አይነሳም። ሰዓቱ እየሄደ ነው፣ ወደ ቱሉ ዲምቱ ታክሲ የሚጠፋበት ሰዓት እየደረሰ ነው፣ እነሱም ይህንን ያውቃሉ። በመጨረሻ በዋጋው ቴምር ይዤ ወጣሁ።

የእኔ ብር አይደለም የሚያናድደኝ። ከረጢቶቹ እዚያው ቀርተዋል። በፆም ሰሞን፣ በረመዳን ሰሞን፣ ለአፍጥር የሚገዛ ሰው፣ ልጅ ያለው ሰው ይወስዳቸዋል። ዓይኔ እያየ ሁለት ሴቶች መጥተው ከዚያው ፍሪዘር መረጡ። ነገርኳቸው፣ አንደኛዋ ከረጢቱን ወደ ፍሪዘሩ መለሰች፣ ሌላዋ ቸኩላ ነበርና ይዛ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ አገዛዜ ተለውጧል። ከረጢት ሳልነካ አልገዛም። አተርና ድንች ሲነቀነቅ መንሿሿት አለበት፤ ሳምቡሳና ስፕሪንግ ሮል አንድ በአንድ በጣት መለየት አለባቸው። ውስጡ በረዶ የጋገረ ከረጢት፣ ዋጋው ቢቀነስም፣ በተለይ ዋጋው ከተቀነሰ፣ አይነካም። የምገዛው ከሰዓት ነው። ጠዋት ሱቅ እንደተከፈተ የሚገዛ ሰው ሌሊት የቀለጠውን ገና ሳይደርቅ ያገኘዋል የሚል ካለ ልክ ነው፣ ለመለየት ግን ያኔ ይቀላል፤ ስለዚህ አዲስ ሱቅ ስሞክር መጀመሪያ ጠዋት ሄጄ ፍሪዘሩን አያለሁ። የምገዛው ግን ጄኔሬተሩ ሌሊትም እንደሚሠራ ጥበቃውን ጠይቄ ካረጋገጥኩበት ሱቅ ብቻ ነው። ጥበቃ አይዋሽም፣ ሌሊቱን እዚያ ነው የሚያድረው።

በጅምላ ግዙ፣ ይረክሳል የሚለውን ምክር አልቀበልም። የሞላ ፍሪዘር በሩ ካልተከፈተ 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሞላ 24 ሰዓት ይይዛል የሚባለውም ለብቻው ለቆመ ዲፕ ፍሪዘር እንጂ ለእኛ ፍሪጅ አናት ላይ ላለችው ትንሽ ሳጥን አይሠራም። የእኔዋ ጠዋት መብራት ከሄደ ማታ ላይ ታለሰልሳለች። ማሸጊያው የዓመት ዕድሜ ቢሰጠውም እኔ ከዚያው ሳምንት አላሳልፈውም። ፍሪዘሩ ውስጥ የረጋ ውሃ ያለበት ስኒ አስቀምጬ ላዩ ላይ ሳንቲም አድርጌያለሁ፤ ከሥራ ስመለስ ሳንቲሙ ወደ ታች ሰምጦ ከረጋ፣ እኔ በሌለሁበት መብራት ሄዶ ሁሉም ቀልጧል ማለት ነው። ያኔ ሳላሸት፣ ሳልቀምስ እደፋለሁ።

ቁሌቱን ደግሞ እሑድ ራሴ አቁላልቼ በትንንሽ ፌስታል ከፍዬ አረጋዋለሁ፤ ለአንድ ወጥ የሚሆን አንድ ፌስታል። በሥራ ቀን ማታ ምስሩን ጥጄ ቁሌቱን ስጨምርበት ልጆቹ ሳይተኙ እራት ይደርሳል። ከሱቅ የምገዛው የሳምቡሳ ሊጡንና አተሩን ብቻ ነው።