ሱፐርሂሮ ለምን አይሰለችም?

ዛሬም ደብረ ማርቆስ ፊልም በፍላሽ የሚጫንበት ሱቅ ውስጥ ጥያቄው ያው ነው፦ «የሚበረው አዲሱ መጣ?»

ልዩ ኃይል ያለው ጀግና (ሱፐርሂሮ) ጉልበቱ ብቻ አይደለም የሚስበው፤ የፊልሞቹ ሰንሰለት ነው። የአሜሪካው ፊልም ሠሪ ማርቭል በ2008 እ.ኤ.አ. በ«አይረን ማን» ጀምሮ በ2019 «ኤንድጌም» ላይ ሲደርስ 22ኛው ፊልም ነበር። የተዋንያኑ ስም ካለፈ በኋላ የምትመጣ አጭር ትዕይንት አለች፤ ቀጣዩን የምታስናፍቀው እሷ ናት። (ቅጂው ላይ ተቆርጣ የምትቀረውም እሷው!) ቋንቋው ባይገባ እንኳ ድብድቡ ይገባል። ደግሞ ጀግና ማወደስ ለጎጃም ምኑ ብርቅ ነው? በአባ ኮስትር በላይ ዘለቀ ሲፎከር ነው የኖረው።

ፊልም ስታስጭኑ ፍላሹ ቦታ እያለው «ፋይሉ ትልቅ ነው» ካላችሁ፣ ፎርማቱ (ፋይል የሚያስቀምጥበት ስልት) ፋት32 ነው፤ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ያለውን ሌላ ቦታ ገልብጡና ኤክስፋት በሚባለው ስልት ፎርማት አድርጉት። የቆየ ቴሌቪዥን ግን ላያነበው ይችላል።