ላይኪፒያ፦ አንበሳውን ትቼ ጉንዳኑን

ከናይሮቢ እስከ ናንዩኪ፣ የኬንያዋ ላይኪፒያ ግዛት ከተማ፣ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለ መንገዱ የምለው ብዙ የለኝም። ማታቱው፣ የኬንያው ሚኒባስ፣ ሞልቶ እስኪነሳ የፈጀው ጊዜ ከጉዞው አይተናነስም፤ ረዳቱም ጉልበቴ ላይ አቅፌው ለሄድኩት ቦርሳ 300 ሺሊንግ ጨምሮ ተቀበለኝ። ወንበር ላልያዘ ቦርሳ መክፈሌ እስከ መጨረሻው ሲያብከነክነኝ የኬንያን ተራራ እንኳ በቅጡ ሳላየው ደረስኩ።

ማደሪያው የባሰ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አመሸ፤ እሱ ሲያባራ ደግሞ በቀጭኑ ግድግዳ ማዶ ያደሩት ጎብኚዎች ነገ ስለሚያዩት አንበሳ ማውራት ጀመሩ። እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኔ አልዞረም። በስዋሂሊ ሰዓት እንደ እኛው ከንጋት ጀምሮ ስለሚቆጠር ሾፌሩ «ሁለት ሰዓት» ሲለኝ በደስታ ሁለት ሰዓት ላይ በር ላይ ቆምኩ። መኪናው የመጣው ሦስት ተኩል ነው። ለካ የምንመሳሰለው በሰዓት አቆጣጠር ብቻ አይደለም።

ናንዩኪ አጠገብ ባለው የዱር እንስሳት ጥብቅ ስፍራ፣ ኦል ፔጄታ፣ የሚገባ ሰው ሊያይ የሚፈልገው አስቀድሞ የታወቀ ነው፦ አንበሳ፣ ዝሆን፣ በዓለም ላይ የቀሩት ሁለቱ የሰሜን ነጭ አውራሪሶች ናጂን እና ፋቱ። እኔ የሄድኩት ለጉንዳን ነው። ይህን ስናገር መኪናውን አብረውኝ የተከራዩት ሰዎች ሳቁ። የጠዋቱን የእግር ጉዞ ከአስጎብኚውና ከታጠቀው ጠባቂ ጋር ብቻዬን ሄድኩ፤ የሚጨቃጨቀኝ ስላልነበረ ከጉዞው ሁሉ ደስ ያለኝ ሰዓት ይህ ነው።

መሬቱ መረሬ ነው፤ ከሌሊቱ ዝናብ በኋላ ጫማን እየያዘ አይለቅም። በዚህ አፈር ላይ የሚበዛው ዛፍ ፉጨተኛው ግራር ነው። እሾሁ ሥሩ ላይ አብጦ ውስጡ ባዶ የሆነ ኳስ ይሆናል፤ ጉንዳኖች ይበሱትና ይኖሩበታል፤ ነፋስ በቀዳዳዎቹ ላይ ሲያልፍ ዛፉ ያፏጫል። አራት ዓይነት ጉንዳኖች ይሻሙታል፤ አንዱን ዛፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው አንዱ ብቻ ነው።

አስጎብኚው ቅርንጫፉን በበትሩ መታ አድርጎ እንድጠብቅ በእጁ ጠቆመኝ። ብዙ አልጠበቅኩም፤ ቅርንጫፉ በጉንዳን ተሸፈነ። ሁሉም ሆዳቸውን እንደ ጊንጥ ጭራ ወደ ላይ ቀስረዋል። ከአራቱ ሦስቱ ክሬማቶጋስተር የሚባለው ወገን ናቸው፤ ይህን ወገን ለማወቅ ቀለም አያስፈልግም። ሆዳቸው ከላይ ሲታይ የልብ ቅርጽ ያለው፣ ጫፉ የሾለ ነው። ደረትን ከሆድ የሚያገናኘው ቀጭን ወገብ ሁለት አንጓ ሲሆን፣ ኋለኛው አንጓ ሆዱን የሚይዘው ከላይ በኩል ስለሆነ ወደ ጀርባው ማጠፍ ይቀለዋል። በአሥር እጥፍ በሚያጎላው መነጽሬ ይህን ማያያዣ ሳይ ቆየሁ፤ ጠባቂው ግን ዓይኑን ከቁጥቋጦው አልነቀለም፤ አካባቢው ጎሽ አለበት።

ሦስቱን እርስ በርስ የሚለያቸው ቀለም ነው። ራስና ደረቱ ቀላ ብሎ ሆዱ የጠቆረው ሚሞሳይ ነው። ራሱም ሆዱም ጥቁር ሆኖ ደረቱ ብቻ የቀላው ኒግሪሴፕስ ነው። ሾስቴድቲ ሁለመናው ጥቁር ነው። አራተኛው፣ ቴትራፖኔራ ፔንዚጊም ጥቁር ነውና ቀለምን ብቻ የሚያምን ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ነገር ግን ፔንዚጊ ሸንቀጥ ያለ ነው፤ ዓይኑ ትልቅ፣ ሆዱም የልብ ቅርጽ የሌለው።

አስጎብኚው ግን መነጽር አላስፈለገውም። ከሃያ እርምጃ ርቀት ዛፉን አይቶ የነዋሪውን ስም ይጠራል፤ ቀርበን ስናይ ልክ ይሆናል። ኒግሪሴፕስ እምቡጡን እየቆረጠ ስለሚጥል ዛፉ አያብብም፤ ቅርንጫፉም ከጎረቤት ዛፍ ጋር አይገናኝም፤ ጠላት በዚያ እንዳይሻገርበት ነው። ፔንዚጊ የቅጠሉን የማር ምንጭ ያጠፋል፤ ሌሎቹ እንዳይመኙት። ይህን የነገረኝ ሳልጠይቀው ነው፤ ጉርሻ ስሰጠው ደግሞ ሁለት ጊዜ እምቢ ብሎ ነው የተቀበለኝ። የማታቱውን ረዳት እዚያ ይዤው በሄድኩ።

አንድ ቦታ ስንደርስ ቅርንጫፉን ቢመታም ምንም አልወጣም። ግንዱ ሥር ያለውን አፈር በጫማው ጫፍ ገለጥ ሲያደርግ ጥቃቅን ቡናማ ጉንዳኖች ፈሰሱ፤ በመካከላቸው ራሳቸው ከሰውነታቸው ጋር የማይመጣጠን ግዙፎች አሉ። ፌዶሌ ሜጋሴፋላ፣ ትልቅ ራሱ ጉንዳን ማለት ይህ ነው። ወገቡ እንደ ክሬማቶጋስተር ሁለት አንጓ ነው፤ አንቴናው 12 ክፍል ሲኖረው የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ወፍረው ዱላ ይመስላሉ። ይህ ጉንዳን ከሌላ ቦታ የመጣ ወራሪ ነው፤ ግራሩን ከዝሆን የሚጠብቁትን ነባር ጉንዳኖች ይገድላል፤ እሱ ራሱ ግን ዛፉን ከዝሆን አያስጥልም። ጠባቂ ያጣውን ዛፍ ዝሆን ይሰባብረዋል። ዛፉ ሲሳሳ አንበሳ አድፍጦ የሜዳ አህያ የሚይዝበት ጥላ ይጠፋል። በ2024 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በታተመ ጥናት፣ እዚሁ አካባቢ አንበሶች ከገደሉት ውስጥ የሜዳ አህያ ድርሻ በ2003 ከነበረበት 67 በመቶ በ2020 ወደ 42 በመቶ ወርዷል፤ በ2003 ምንም ያልነበረው የጎሽ ድርሻ ደግሞ 42 በመቶ ደርሷል።

ከሰዓት በኋላ መኪናው ውስጥ ይህን ለሳቁት ሰዎች ነገርኳቸው። አንደኛዋ መነጽሬን ተውሳ እስከ ማታ አልመለሰችልኝም።

ለመሄድ ያሰበ ሰው የእግር ጉዞውን በዋዜማው ቢያስመዘግብ ጥሩ ነው፤ በመኪና ብቻ የሚገባ ጎብኚ ከተፈቀዱት ቦታዎች ውጭ ከመኪናው መውረድ አይፈቀድለትም። ነጭ ወረቀት ይያዝ፤ ቅርንጫፉ ሥር ዘርግቶ ጉንዳኑን ለማየት ይመቻል። ሱሪውን ደግሞ ካልሲው ውስጥ ያስገባ።