ጎመኔን ያራቆትኩ ጊዜ

ባለፈው መጋቢት የጓሮዬን ጎመን ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ወረረው። ሳሙና ይገድለዋል ሲባል ሰምቼ ነበርና ሁለት እፍኝ የዱቄት ሳሙና በአንድ ባልዲ ውሃ በጥብጬ ረጨሁት። ያውም በቀትር። የባሕር ዳርን የመጋቢት ፀሐይ የምታውቋት ታውቋታላችሁ። ክሽክሹስ አለቀ። በሦስተኛው ቀን ግን ቅጠሉ ዳር ዳሩ ደርቆ፣ መሐሉ ጠውልጎ አገኘሁት። ጠዋት ማታ እያጠጣሁት!

እናቴ አንዱን ቀጥፋ ወደ ብርሃን አዞረችው። «አንቺ ልጅ፣ አራቆትሽው እኮ» አለችኝ።

ልክ ነበረች። ጎመን ላይ ያለው አመድ የመሰለ ግራጫ ነገር ለብዙዎቻችን አቧራ ይመስለናል። ሰም ነው። ተክሉ ራሱ የሠራው። የቅጠሉ የላይኛው ረድፍ ሴሎች ወደ ውጭ እያመነጩ የሚለብሱት ስስ ሽፋን አለ፤ ኩቲክል ይባላል። ሽፋኑ በራሱ ሴል የለውም። እንደ ጭቃ ቤት አስቡት። ማገሩ ኩቲን ነው፤ የቅባት አሲዶች እርስ በርስ ተያይዘው የሠሩት። ምርጊቱ ደግሞ ሰም ነው፤ በማገሩ መሐል ገብቷል፣ ከላይም ተለስኗል። ውፍረቱ በአብዛኛው ቅጠል ላይ የ1 ሚሊ ሜትር 100ኛ እንኳ አይሞላም።

ቅጠል አየር የሚያስገባው ስቶማታ በሚባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ነው። ውሃም በብዛት የሚወጣው በነሱ ነው። ተክሉ ሲጠማው ይዘጋቸዋል። ያኔ የቀረችውን ውሃ ይዞ የሚያቆይለት ኩቲክሉ ነው። እኔ ደግሞ ሰሙን አጠብኩበት።

ጣና ዳር ስትሄዱ አንድ ነገር ሞክሩ። ውሃ ውስጥ ሰጥሞ የሚያድገውን ሣር መዝዛችሁ ድንጋይ ላይ አስጡት። ብዙም ሳይቆይ ይኮማተራል። ኩቲክሉ እጅግ ስስ ነው፤ ውሃ ውስጥ እየኖረ ምን ሊያደርግለት? አጠገቡ ያለው ደንገል ግን እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ አናቱን ለፀሐይ ሰጥቶ ቀጥ ብሎ ይውላል። የእንቦጭም ቅጠል ቅባት የተቀባ ይመስላል፣ የዝናብ ጠብታ አይቆይበትም። ጣና ላይ ያደረሰውን ላየ ሰው እሱን ማድነቅ ይከብዳል እንጂ።

እናቴ ድፎ ልትደፋ ስትል መጀመሪያ ኮባውን እሳት ላይ ለብለብ ታደርገዋለች። ደብዛዛው ቅጠል ድንገት ያብረቀርቃል፣ ይለሰልሳል። ልጅ ሆኜ ያቺን ቅጽበት ለማየት ምድጃው አጠገብ እቆም ነበር። ያ የሚያብረቀርቀው የሚቀልጠው ሰም እንደሆነ የገባኝ ጎመኔ ከተጎዳ በኋላ ነው።

የተጎዱት ቅጠሎች አላገገሙም፤ ቆርጬ ጣልኳቸው። ክሽክሽ ሲመጣ አሁን በንጹሕ ውሃ አራግፈዋለሁ። ከመሐል የወጡት አዲሶቹ ግራጫቸውን ለብሰዋል። ዛሬ ጠዋት ውሃ ጠብ አደረግሁባቸው። ጠብታዋ ድብልብል ብላ፣ አቧራውን ይዛ ተንከባልላ ወረደች። አንዱን ቦታ በአውራ ጣቴ አሸት አድርጌ እንደገና ጠብ አደረግሁ። እዚያ ጋ ውሃው ተዘርግቶ ቀረ።