ጉራ ሳይሆን የምላስ ጉዳይ ነው

ውጭ የኖረ ሰው አማርኛው ለየት ካለ ፍርዱ ፈጣን ነው። «አውቆ ነው፣ ጉራ ነው» ይባላል። እኔም አላመለጥኩም። ታላቅ እህቴ የላክሁላትን የድምፅ መልእክት ሰምታ «ምን ሆነሻል አንቺ? ፈረንጅ ነው እንዴ የሚያወራው?» ብላ ሳቀችብኝ። ደግሞ እኮ ቤቴ ውስጥ የሚወራው አማርኛ ነው። ቃል አይጠፋብኝም። የተቀየረው ድምፁ ነው።

ነገሩ ሲከነክነኝ ማንበብ ጀመርኩ። ጄምስ ፍሌጅ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመው ጥናት ቺካጎ የከረሙ ፈረንሳያውያንንና ፓሪስ የከረሙ አሜሪካውያንን አነጻጽሯል። የለካው «ት»ን ነው። እንግሊዝኛ ላይ ቃል የምትጀምር «ት» ስትለቀቅ መጀመሪያ ትንፋሽ ይወጣል፣ ጉሮሮ የሚነዝረው ከዚያ በኋላ ነው። ፈረንሳይኛ ላይ ይህ ክፍተት በጣም አጭር ነው። ቺካጎ የከረሙት ፈረንሳያውያን የገዛ ቋንቋቸውን ሲናገሩ ክፍተቱ ረዝሞ ተገኘ። ፓሪስ የከረሙት አሜሪካውያን ደግሞ እንግሊዝኛቸው ላይ አጠረ። ልዩነቱ የሚለካው በሚሊሰከንድ ነው። እስቲ ማን በሚሊሰከንድ ጉራ ይነዛል?

በጣም የገረመኝ ግን የሚቀየሩት ድምፆች ማንነት ነው። እኔ ብጠየቅ መጀመሪያ የሚበላሹት «ጠ» እና «ቀ» ናቸው እል ነበር። እነሱን ስንል ጉሮሯችን ይዘጋል፣ የታፈነው አየር ባንዴ ይፈነዳል። ለፈረንጅ ከባድ ናቸው። የፍሌጅ ሐሳብ ግን ሌላ ነው። የሁለት ቋንቋ ተቀራራቢ ድምፆች አእምሮ ውስጥ አንድ ቦታ ይጋራሉ፣ እየቆዩም ይጎታተታሉ። በጣም የሚለየው ድምፅ የራሱን ቦታ ይዞ ይቀመጣል።

ከእህቴ ጋር በቪዲዮ እያወራን ሞከርነው። ቀጭን ወረቀት ከከንፈራችን ፊት ይዘን «ተነስ» አልን። የእሷ ነቅነቅ አለ፣ የእኔ ተርገበገበ። «ጠጠር» ስንል እኩል ነን። «ረ»ዬም ለስልሳለች። የእህቴ ምላስ ድድ ነክቶ ይመለሳል፣ የእኔ ወደ ኋላ ተጠቅልሎ አየር ላይ ይቀራል።

ውጭ የተወለዱ ልጆች ነገር ለየቅል ነው። እነሱን የሚያስቸግራቸው ራሱ «ጠ» ነው፣ ምክንያቱም ያልያዙትን ነው የሚማሩት። የእኛ ግን የያዝነው መንሸራተቱ ነው።

መንሸራተቱ ደግሞ ዓመታት አይጠብቅም። ቻርልስ ቻንግ እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው ጥናት ላይ ኮሪያኛ ገና የጀመሩ አሜሪካውያን በስድስት ሳምንት ትምህርት ውስጥ እንግሊዝኛቸው ላይ ለውጥ ታይቷል። ደስ የሚለው፣ መንገዱ መመለሻም አለው። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ሌላ ጥናት በብራዚልና በአሜሪካ መካከል የምትመላለስ አንዲት ሴት ተከታትሏል። አሜሪካ ስትከርም ፖርቱጋልኛዋ ወደ እንግሊዝኛ ያዘነብላል፣ አገሯ ስትከርም ይመለሳል።

ካናዳና ኔዘርላንድስ በሚኖሩ ጀርመናውያን ላይ የተሠራው ደግሞ ለእኔ ይበልጥ ጠቃሚ ነው። የአፍ መፍቻ ቋንቋቸውን ድምፅ ይበልጥ የጠበቁት፣ ሁለቱን ማደባለቅ በማይለመድበት ቦታ የሚናገሩት ናቸው። እኔና ጓደኞቼ የምናወራው ጉራማይሌ ነው፣ እሱ ብዙም አይረዳኝም ማለት ነው። ስለዚህ አጎቴ ጋ መደወል አብዝቻለሁ። እሳቸው ጋ «ኦኬ» እንኳ አያልፍም። «በሰው አማርኛ አውሪ!» ይላሉ፣ ካልሰማሁ ይዘጉብኛል።