ከሜዳሊያው ጠርዝ ላይ የሚነበብ ስም

የብሪታንያ ሜዳሊያ እጄ ሲገባ ከንጉሡ ምስል በፊት የማየው ጠርዙን ነው። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ለተሰለፉት የተሰጠው የብር ሜዳሊያ ጠርዙ ላይ የወታደሩ መለያ ቁጥር፣ ማዕረግ፣ ስምና የጦር ክፍል ታትሞበታል። መብራት አስጠግቼ ቀስ እያልኩ ሳዞረው ፊደሎቹ ተራ በተራ ብቅ ይላሉ። ከመቶ ዓመት በፊት የኖረ ሰው ስም በጣቶቼ መካከል ሲነበብ ደስታና ሐዘን አንድ ላይ ይመጡብኛል። ይህ ስሜት ባይኖር ኖሮ በዚህ ነገር ይህን ያህል ባልቆየሁ።

ጠርዝም ይዋሻል። ተራውን ስም በሞረድ ፍቀው ዋጋ የሚያወጣ ስም የሚቀርጹበት ሰዎች አሉ። መድኃኒቱ መለኪያ ነው፤ የሜዳሊያው ስፋት 36 ሚሊ ሜትር መሆን ሲገባው ካነሰ ወይም አንዱ ወገን ከቀጠነ፣ ሞረድ አርፎበታል ማለት ነው። መወልወልም ስምን ያጠፋል። የአርበኛ አያታችሁ ሜዳሊያ ቤታችሁ ካለ እባካችሁ በሎሚና በአመድ አትፈትጉት፤ ብሩ ያበራል፣ ጽሑፉ ግን ይሄዳል።

ስሙ ከተነበበ በኋላ ፍለጋው ለንደን፣ ኪው ወደሚገኘው ብሔራዊ መዝገብ ቤት ያመራል። እዚያ የተሸላሚዎቹ ካርዶች ቅጂ ይገኛል፤ አንዳንዶቹ ወታደሩ መጀመሪያ የዘመተበትን ግንባርና ቀኑን ይናገራሉ። በ1940 እ.ኤ.አ. የጀርመን አውሮፕላኖች ለንደንን ሲደበድቡ ከወታደሮቹ የአገልግሎት ፋይሎች ከግማሽ በላዩ ስለተቃጠለ፣ ለብዙዎቹ የቀራቸው ካርዱና ጠርዙ ብቻ ነው። ከብሩ ጋር አብሮ የሚሰጥ፣ ባለ ክንፍ የድል ምስል ያለበትና ሪባኑ የቀስተ ደመና ቀለም የያዘ የነሐስ ሜዳሊያ ነበር። በ1980 እ.ኤ.አ. አካባቢ የብር ዋጋ ሲንር ብዙ የብር ሜዳሊያዎች ቀልጠው ተሸጡ። ዛሬ ነሐሱ ብቻውን ገበያ ላይ ተቀምጦ ሳየው ስም ያለበት ነገር እንዴት እሳት ውስጥ ይገባል እያልኩ እቆጫለሁ።

የጀርመኑ የብረት መስቀል ሌላ ጠባይ አለው። የፕሩሲያው ንጉሥ ፍሪድሪክ ቪልሄልም ሦስተኛ በ1813 እ.ኤ.አ. መሠረቱት፤ በ1870፣ በ1914 እና በ1939 እንደገና ታደሰ። የ1914ቱ አክሊልና የንጉሠ ነገሥቱ የስም መነሻ ፊደል አለበት። ጥቁር የተቀባ ብረት መሃል ሆኖ የብር ክፈፍ ከፊትና ከኋላ ይዞታል። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ማግኔት ይስበዋል፣ በአጉሊ መነጽርም ክፈፉ የተበየደበት መስመር ይታያል። አንድ ወጥ ሆኖ የፈሰሰ ከሆነ ገንዘቤን ኪሴ ውስጥ እተዋለሁ። ቀለበቱ ላይ የሠሪው ማህተም ሊገኝ ይችላል፤ የለበሰው ሰው ስም ግን አብዛኛውን ጊዜ የለም። ስሙ ያለው አብሮ በተሰጠው ወረቀት ላይ ነውና ወረቀቱ ከጠፋ መስቀሉ ዲዳ ነው። ከጀርመኖቹ ልቤን የሚነካው በ1934 የወጣው የክብር መስቀል ነው። ለተዋጊው ባለ ሰይፍ ሲሆን፣ ባላቸው ለሞተባቸው ሚስቶችና ልጃቸውን ላጡ ወላጆች ደግሞ ሰይፍ የሌለው ጥቁር መስቀል ተሰጠ። የ1939ኙ የብረት መስቀል መሃሉ ላይ ስዋስቲካ አለበት። ምዕራብ ጀርመን በ1957 ባወጣችው ሕግ ተሸላሚዎቹ ስዋስቲካው በኦክ ቅጠል የተተካበትን እንዲያደርጉ ፈቀደች። ሁለቱን ለይቼ አውቃለሁ፤ ስዋስቲካ ያለበትን ግን ስብስቤ ውስጥ አላስገባም።

ከሁሉም በላይ እንቅልፍ የነሳኝ እንግሊዞች ወደ መቅደላ ለዘመቱ ወታደሮቻቸው የሰጡት ሜዳሊያ ነው። ከጨረታ በፊት ለእይታ በቀረበበት ዕለት እጄ ላይ አኖሩልኝ። ትንሽ ነው፤ 32 ሚሊ ሜትር ገደማ። ሪባኑ ነጭ ሆኖ መሃሉ ሰፊ ቀይ ነው። ከላይ የብር ዘውድ ተቀምጦበታል። ፊቱ ላይ ንግሥት ቪክቶሪያ ተከናንባ ትታያለች፤ ባለ ዘጠኝ ጫፍ ኮከብ ከብቧታል፣ በጫፎቹ መካከል አቢሲኒያ የሚለው ስም በዘጠኝ የላቲን ፊደሎች ተበትኗል። ገለበጥኩት። በቅጠል ጉንጉን መሃል የወታደሩ ስም ከብሩ ላይ ጎልቶ ወጥቷል። እዚህ ስሙ ጠርዝ ላይ አይደለም። ለየሰዉ ለብቻው ቅርጽ ማዘጋጀት ስለሚጠይቅ ብዙ ወጪ የጠየቀ አሠራር ነበር። ለአብዛኞቹ የህንድ ወታደሮች ግን ስማቸው ወደ ውስጥ ተመትቶ ታትሟል፤ አብረው ዘምተው በክብሩ ላይ ለምን እንደተለዩ ሳስብ ያንገበግበኛል።

ከመቅደላ አቅራቢያ፣ እሮጌ ላይ በስቅለት ዕለት፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ ወደ 700 የሚጠጉ የዓፄ ቴዎድሮስ ሰዎች በጠመንጃና በሮኬት ወደቁ። ከእንግሊዙ አዛዥ ከጄኔራል ናፒየር ጦር የሞቱት ሁለት ብቻ ናቸው። በፋሲካ ማግስት መቅደላ ተያዘ፣ ንጉሠ ነገሥቱም እጃቸውን ከመስጠት ሞትን መረጡ። እሮጌ ላይ ከወደቁት ፊታውራሪ ገብርዬን በስም እናውቃቸዋለን። አብረዋቸው ቁልቁል የወረዱት እነዚያ ሁሉ ማን ነበሩ? ወደ መቅደላ ለመጣው ተራ ወታደር እንኳ ስሙን በብር ላይ አጉልተው ሰጥተውታል።

ዋጋው ከአቅሜ በላይ ስለነበር ሜዳሊያውን አልገዛሁትም። ስሙን ገልብጬ ኪው ካለው የተሸላሚዎች መዝገብ ጋር አመሳከርኩት፤ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ ሌላ ደብተር ከፍቻለሁ። በዜና መዋዕሎቻችንና የእንግሊዝ መኮንኖች በተዉት ጽሑፍ ውስጥ በስም የተጠቀሱትን የቴዎድሮስ ሰዎች፣ ማዕረጋቸውንና የወደቁበትን ስፍራ እየለቀምኩ እጽፋለሁ። ገና ጥቂት ገጽ ነው። በእሮጌ ወይም በመቅደላ የወደቀ ዘመድ ስም ከአያት ከቅድመ አያቱ የሰማ ሰው ካለ ቢነግረኝ፣ ከነአገሩ እመዘግበዋለሁ።