ሬዲየሱ ወጣልኝ! (ስለ ክብ ቤቶች፣ ስለ ሲባጎና ስለ አርክቴክቶች ጉዞ)

በቃ ተሳክቶልኛል፣ ዝም ማለት አልቻልኩም። የክብ ቤት ሬዲየስ (ከመሀሉ እስከ ግድግዳው ያለውን ርቀት) መሀሉ ላይ ሳልቆም በሲባጎ ብቻ አወጣሁ፣ ከሌላ ጎኑ ደግሜ ስለካው ደግሞ ቁጥሩ ተቀራረበ። ለናንተ ቀላል ሊሆን ይችላል፣ እኔን ግን ስንት ቅዳሜ አሳብዶኛል።

ለማታውቁን፣ አርክቴክት ጓደኛሞች ተሰባስበን ቅዳሜ ቅዳሜ አዲስ አበባ ውስጥ ሕንፃ እናያለን፣ ሲመቸን ደግሞ ከከተማ እንወጣለን። አጀማመራችን ያው እንደማንኛውም ሰው ነው፣ ፎቶ፣ ከዛ ስኬች፣ ከዛ ትንሽ ፕላን። አፍሪካ አዳራሽን አየን፣ የአፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር መስታወት ፊት ቆሞ ስለ ሕንፃው አርክቴክት ስለ ሜዜዲሚ ዲቴይል ማውራት ከባድ ነው፣ ሁሉም አንጋጦ ይቀራል። ማዘጋጃ ቤቱንም አየን። ይሄን ሁሉ አልዘረዝርም።

የተጣበቅኩት ክብ ነገር ላይ ነው። ብሔራዊ አካባቢ አርክቴክቱ ሄንሪ ሾሜት የነደፈው ክቡ የንግድ ባንክ ሕንፃ አለ አይደል፣ አሁን ባለ 209 ሜትሩ ፎቅ አጠገቡ ቆሞ ያሳነሰው። ከውጭ እያየሁት ዲያሜትሩን በግምት ጻፍኩ፣ ጓደኛዬ ሌላ ጻፈ፣ ልዩነታችን አንድ ክፍል ቤት ያወጣል። አራት ማዕዘን ቤት ቢሆን በእርምጃ ትቆጥሩታላችሁ፣ ያልቃል። ክብ ቤት ግን መሀሉን የሚሰጣችሁ የለም፣ ወይ ካውንተር አለ፣ ወይ ግድግዳ አለ፣ ወይ ጭራሽ የማይገባበት ነው።

ሌዘር ሜትር አለኝ፣ ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ከተማ ውስጥ አውጥታችሁ ሞክሩት እስቲ። አንድ ክብ ሕንፃ ጋ (ስሙ ይቅር) ቀይ ነጥቧ ግድግዳው ላይ ስታርፍ ጥበቃው እየሮጠ መጣ፣ «እህቴ ምንድነው የምታበሪው? ፈቃድ አለሽ?» አለኝ። ጋሼ የሕንፃ ባለሙያ ነኝ ብል ማን ሊሰማኝ። ተመልሰን ሲባጎ ይዘን ስንሄድ ግን ያው ራሱ ጥበቃ አንድ ጫፉን ያዘልን! ሲባጎ የሚፈራ ሰው የለም መሰለኝ።

ዘዴው እንዲህ ነው። ከውስጥ ከሆናችሁ ሲባጎውን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ወጥራችሁ፣ ከሲባጎው መሀል እስከ ግድግዳው ያለውን ክፍተት ትለካላችሁ። የሲባጎውን ርዝመት በራሱ አባዙት፣ ለክፍተቱ 8 እጥፍ አካፍሉት፣ የክፍተቱን ግማሽ ደምሩበት፣ ሬዲየስ ነው። ከውጭ ከሆነ ደግሞ የሲባጎው መሀል ግድግዳውን ነክቶ ጫፎቹ ይርቃሉ፣ ያኔ ክፍተቱን ጫፍ ላይ በሲባጎው ቀጥ ያለ ማዕዘን ይዛችሁ ትለካላችሁ፣ ሒሳቡ ያው ነው።

ይሄንን ሁሉም ሰው ትምህርት ቤት ተምሮታል፣ እኔም ተምሬዋለሁ። ያሳበደኝ ሌላ ነው። 4 ሜትር ሲባጎ ወጥሬ ክፍተቱ 10 ሴንቲ ሲመጣ ሬዲየሱ 20 ሜትር ይሆናል፣ ያው ክፍተት 9 ሴንቲ ተብሎ ቢነበብ ግን ከ22 ሜትር ያልፋል። አንድ ሴንቲ እኮ ናት! ልስኑ ራሱ ከዛ በላይ ይወጣል ይገባል። ፎርሙላውን ስጠራጠር፣ ጓደኞቼን ስጠራጠር ከረምኩ፣ ለካስ ችግሩ ሲባጎው ማጠሩ ነው። ለዛው ቤት 10 ሜትር ስትወጥሩ ክፍተቱ ወደ 63 ሴንቲ ይሆናል፣ ያኔ አንድ ሴንቲ ብትስቱ ሬዲየሱ የሚንቀሳቀሰው 30 ሴንቲ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ቦታው የፈቀደውን ያህል አርዝሙ፣ ሌላ ምስጢር የለውም። ሲባጎው ሲወጠር ብዙ የማይለጠጥ ይሁን፣ በየግማሽ ሜትሩ ቋጠሮ አድርጉበት። ቦታ ጠቦ ማርዘም ካልተቻለ ከአንዱ ዓምድ መሀል እስከ ቀጣዩ ዓምድ መሀል ለክቶ በዓምዶቹ ቁጥር ማባዛት ነው፣ ዙሪያው በግምት ይመጣል፣ ለ6.28 ማካፈል ብቻ ነው የሚቀረው። እሱንም ወድጄዋለሁ፣ ግን እንደ ሲባጎው አያስደስትም።

ይሄ ሁሉ የተፈተነው ጣና ዳር፣ ዘጌ ላይ ነው። ደሴቱ ላይ ያለው ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት ስለማይገባ ወንዶቹ በጀልባ ወደዛ ሲሄዱ እኛ ሴቶቹ ዘጌ ያለችው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ቀረን፣ እውነቱን ለመናገር የተሻለው ለኛ ደርሷል። ውጪው ክብ፣ መሀሉ ላይ ያለው መቅደስ አራት ማዕዘን፣ ግድግዳው በሥዕል የተሞላ። መቅደስ አይገባም፣ ስለዚህ ማዕከሉ የለም፣ የኔ ችግር በሙሉ እዛ ተሰብስቦ ጠበቀኝ። ጫማ ስለሚወለቅ የለመድኩት እርምጃ እንኳን ተበላሽቶብኝ በባዶ እግሬ ተረከዝ ከጣት እያገጣጠምኩ ነበር የቆጠርኩት። አባን አስፈቅደን ሲባጎውን ስንወጥር ትንሽ አዩንና «ልጄ፣ እንዲህ ያለ ቤት ሲሠራ እኮ መጀመሪያ መሀሉ ላይ ችካል ተክለው በገመድ ነው የሚያዞሩት» አሉኝ። የጎጆ አሠራር መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፣ ግን ፕላን ላይ ክቡን በኮምፓስ የምስል ሰው ስለ ችካሉ አስቤ አላውቅም። ከዛ በኋላ ሬዲየሱን በሜትር ብቻ ሳይሆን በክንድም መጻፍ ጀምሬያለሁ፣ በገመድ የተሠራን ቤት በሚሊሜትር ማንበብ ትንሽ ቂልነት ይመስለኛል።

መቅደሱን ስዕሌ ላይ ባዶ ነው የተውኩት። በግምት የሚሞሉት ጓደኞች አሉኝ፣ አልስማማም። ያላያችሁትን አትሳሉ።

አሁን ትንሽ ላማ። ጉባኤ አልጠላም፣ የዓለም አርክቴክቶች ኅብረት በየሦስት ዓመቱ የሚያደርገውን (እ.ኤ.አ. በ2014 ደርባን፣ በ2023 ኮፐንሃገን የነበረውን) ዕድሉ ቢገኝ ማን ይጠላል። ግን ስለ ምርጥ ዲዛይን አዳራሽ ተቀምጦ ስላይድ ማየት ለኔ አይገባኝም። አሜሪካ ያሉ ልጆች የአሜሪካ አርክቴክቶች ኢንስቲትዩት አባል ከሆኑ በዓመት 18 የትምህርት ነጥብ መሙላት አለባቸው፣ አንዷ ጓደኛዬ ማታ ማታ ኦንላይን ሌክቸር ከፍታ ወጥ እየሠራች ነው የምትሞላው፣ አልፈርድባትም። የጉብኝት ፕሮግራም ደግሞ በአንድ ቀን ስምንት ሕንፃ ሲል ገና ከመነሻው ይደክመኛል። እ.ኤ.አ. በ2007 የአጋ ካንን የሥነ ሕንፃ ሽልማት ያገኘውን አዲስ አበባ ያለውን የደች (ኔዘርላንድስ) ኤምባሲ ፎቶውን ያየ ሰው የሚያስታውሰው ቀይ ኮንክሪቱን ነው፣ ሕንፃው ግን ዋናው ነገሩ ተዳፋቱ መሬት ላይ አግድም መዘርጋቱና ጣሪያው ላይ ውሃ መተኛቱ ነው፣ ይሄ ደግሞ ሴክሽን (ሕንፃው ተቆርጦ ከጎን ሲታይ) ካልሳላችሁ አይገባም፣ ሴክሽን በአስራ አምስት ደቂቃ አይሳልም፣ አስጎብኚው ደግሞ «መኪናው እየጠበቀ ነው» ይላል። አንድ ሕንፃ፣ ግማሽ ቀን፣ ከስድስት ሰው ያልበለጠ። ከዛ ካለፈ ሽርሽር ነው፣ ሽርሽርም ደስ ይላል ግን ስሙን እንወቅለት።

እንዲህ ብዬ እኔም ፎቶ አነሳለሁ ያው፣ ስልኬ ሞልቷል፣ ዞሬ አይቼው አላውቅም።

አሁን የቀረኝ ከፍታ ነው። ደረጃ ካለ ደረጃውን ቆጥሬ በአንዱ ከፍታ አባዛለሁ፣ በእንጨት ፎርምወርክ (በጣውላ ቅርጽ) የተሞላ ኮንክሪት ከሆነ የጣውላውን አሻራ እቆጥራለሁ፣ እነዚህ ይሠራሉ። የክብ ቤት ሾጣጣ ጣሪያ ጫፍ ግን እምቢ ብሎኛል፣ በጥላ ሞከርኩ፣ ጥላው ዛፎቹ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። ሌዘር እንዳትሉኝ ብቻ፣ ሌላ መንገድ ያላችሁ ጻፉልኝ፣ የሚቀጥለው ጉዞ ሳይደርስ።