ለደገፋችሁኝ ሁሉ፦ ከ2022ቱ የሞንጎመሪ ካውንቲ (ሜሪላንድ) ፕራይመሪ በኋላ

በፖስታ የተላከው ድምፅ ተቆጥሮ አልቋል፤ ለካውንቲው ምክር ቤት በተወዳደርኩበት ፕራይመሪ፣ ማለትም ፓርቲው ዕጩውን በሚለይበት ምርጫ፣ አላለፍንም። ላሸነፉት ተወዳዳሪ ደውዬ እንኳን ደስ ያለዎት ብያለሁ፤ በኖቬምበር 8ቱ ጠቅላላ ምርጫ ድምፄን የምሰጠውም ለእሳቸው ነው። ይህን የምጽፈው አንደኛ ላመሰግናችሁ ነው። ሁለተኛ፣ ከእኛ ሰው ነገ ተነስቶ ለሞንጎመሪ ካውንቲ ምክር ቤት ልወዳደር የሚል ካለ፣ እኔ በር ለበር ዞሬ የተረዳሁትን ገና ሳይጀምር እንዲያውቀው ብዬ ነው።

ሌሊቱን ኡበር ነድታችሁ ጠዋት ዊተን ሜትሮ በር ላይ የቅስቀሳ ወረቀት ስታድሉ ያረፈዳችሁ፣ ከፓርኪንግ ሥራ እንደወጣችሁ ዩኒፎርማችሁን ሳትቀይሩ ስልክ ለመደወል የመጣችሁ፣ እንጀራና ወጥ በትሪ ተሸክማችሁ ቢሮ የምንለውን ጠባብ ክፍል ያጠገባችሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቹን በተለይ። እናንተ ባትኖሩ ስልኬ ውስጥ ያለውን የመራጮች ዝርዝር እስከ ዛሬም መክፈት አልችልም ነበር።

ሩቅ ላላችሁ ወገኖች የነገሩን አካሄድ ላስረዳ። እዚህ ካውንቲ ወሳኙ ምርጫ ፕራይመሪው ነው። ከ2006ቱ ምርጫ ጀምሮ አንድም ሪፐብሊካን ለምክር ቤቱ አልተመረጠም፤ የዴሞክራቶችን ፕራይመሪ ያሸነፈ ወንበሩን ያዘ ማለት ነው። የሜሪላንድ ፕራይመሪ ደግሞ ዝግ ነው። ሲመዘገብ ዴሞክራት ነኝ ያላለ ሰው ከትምህርት ቦርድ ዕጩዎች በቀር እዚያ የድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ማንንም አይመርጥም።

የመራጮቹን ዝርዝር ስናገኝ መጀመሪያ ያደረግነው የሐበሻ ስም መልቀም ነበር። ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ፣ ተስፋ የሚሉት ቀላል ናቸው፤ መሐመድና አህመድ ላይ ስንደርስ የማን አገር ሰው እንደሆነ ስለማይታወቅ በሰፈር ሰው እያስጠየቅን ለየን። ስሙ በረከተ፤ ደስ አለን። ከዚያ ከስሙ ጎን ያለውን የፓርቲ ዓምድ ማንበብ ጀመርን። ከገጽ ገጽ፦ ፓርቲ የለውም፣ ፓርቲ የላትም፣ ፓርቲ የለውም። ዜግነት አግኝተው፣ መንጃ ፈቃድ ሲያወጡ ተመዝግበው፣ ፓርቲ የሚለው ላይ ሲደርሱ ዝም ብለው ያለፉ ሰዎች ናቸው። በጠቅላላ ምርጫ አንድም አያመልጣቸውም፤ ለፕራይመሪ ግን የሉም።

ለምን እንደሆነ ያስረዱኝ ኋይት ኦክ ያገኘኋቸው አንድ ጋሼ ናቸው። «ልጄ፣ አንቺን እመርጥሻለሁ፤ ፓርቲ ግን አልገባም» አሉኝ። «የደርግን አይቻለሁ፣ ከዚያ ወዲህ የመጣውንም አይቻለሁ። ፎርም ሞልቼ ስሜን ለማንም አልሰጥም።» መዋጮ የለውም፣ ስብሰባ የለውም፣ ደብተር የለውም፣ ለምን ቀረህ ብሎ የሚጠይቅ ሊቀመንበር የለም፤ በፕራይመሪ ቀን የትኛው የድምፅ መስጫ ወረቀት እንደሚሰጥዎት ብቻ ነው የሚወስነው አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና «በይ እሺ፣ አሁኑኑ ቀይሪልኝ» አሉ። ፓርቲ መቀየሪያው ግን ከምርጫው 21 ቀን በፊት ይዘጋል፤ በዚህ ዓመት ምርጫው ጁላይ 19 ስለሆነ ጁን 28 ነበር፣ አልፏል። የሚያንገበግበው ደግሞ፣ ጨርሶ ተመዝግቦ የማያውቅ ሰው በምርጫው ዕለት እንኳ ሄዶ፣ እዚያው ተመዝግቦ፣ ዴሞክራት ነኝ ብሎ መምረጥ ይችላል። ከዓመታት በፊት ተመዝግቦ ፎርሙ ላይ ያለውን የፓርቲ ሳጥን ባዶ የተወው ግን አይችልም። ጋሼ ይህን ስነግራቸው ሳቁ፤ ከዚያ ቀድሞ ድምፅ መስጫው ሳምንት ሙሉ በገዛ መኪናቸው ጎረቤቶቻቸውን ሲያመላልሱ ሰነበቱ። ራሳቸው መኪና ውስጥ ይጠብቃሉ።

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይሄ ነው፤ የእኛን ሰው ድምፅ የሚፈልግ ዕጩ ሥራው ቅስቀሳ ከመጀመሩ ከዓመት በፊት ይጀምራል፣ እሱም ፖስተር መለጠፍ ሳይሆን ያንን ባዶ የፓርቲ ሳጥን ማስሞላት ነው። የቀረው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ታኮማ ፓርክ የሚኖሩ አንዳንዶች ደግሞ «ባለፈው መርጬ የለም እንዴ፣ ግሪን ካርዴን ይዤ?» ብለው ተከራከሩኝ። እውነታቸውን ነው፤ ታኮማ ፓርክ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪ በከተማው ምርጫ እንዲሳተፍ ከፈቀደች ቆይታለች። ለካውንቲው ግን አይሠራም።

የቅስቀሳ ሥልጠና የሰጡን ሰዎች አንድ በር ላይ ከሦስት ደቂቃ በላይ እንዳትቆሙ ብለውን ነበር። ብሪግስ ቼኒ አካባቢ አንዲት እናት በሩን ሲከፍቱ ከወረቀቱ በፊት ፊቴን አዩና «ግቢ እንጂ፣ ሰው ደጅ ቆሞ ይነጋገራል?» አሉኝ። ጀበናው ተጥዷል። አቦሉ ላይ የወላጆቼን አገር፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ ያገባሁ ያላገባሁ መሆኔን አጣሩ። ቶናው ላይ በወረርሽኙ ጊዜ የነበረው የኪራይ ጭማሪ ገደብ ጸደይ ላይ ካበቃ በኋላ የመጣላቸውን ደብዳቤ ከቴሌቪዥኑ ሥር አውጥተው አስነበቡኝ። በረካው ላይ ልጃቸው ከሥራ ገባች፣ ለእህታቸውም ተደወለ። ስንወጣ መሽቷል። አብራኝ የነበረችው አሜሪካዊት በጎ ፈቃደኛ ስልኳ ላይ «አንድ በር» ብላ መዘገበች። እኚያ እናት ግን ቤተሰቡን በሙሉ አሰልፈው ነው ድምፅ ሊሰጡ የመጡት፤ ከልጃቸው ጋርም አብረው ገቡ። ማንበብ የሚቸግረው ሰው የሚረዳውን ሰው መርጦ ይዞ መግባት በፌዴራል ሕግ መብቱ ነው፤ አሠሪው ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ አይሁን እንጂ። የድምፅ መስጫ ወረቀቱ በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ብቻ ስለሚታተም ይህን መብት ለወላጆቻችሁ ንገሩ።

ገንዘቡ ብዙ ሰው ከሚያስበው በላይ የሚሠራ ነው። ካውንቲው ለአነስተኛ መዋጮ ከሕዝብ ገንዘብ ድጎማ ይጨምራል። ለወረዳ ወንበር ቢያንስ ከ125 የካውንቲው ነዋሪዎች 10,000 ዶላር ማሰባሰብ አለብሽ፤ ያንን ካለፍሽ የእያንዳንዱ ነዋሪ የመጀመሪያ 50 ዶላር በአራት እጥፍ ይደጎማል። አንዲት እህት የሰጠችኝ 20 ዶላር 100 ሆነ ማለት ነው። ቋሚ ነዋሪም ባይመርጥ ማዋጣት ይችላል። ያስቸገረን የራሳችን ደግነት ነው። የአንድ ዕድር ሰዎች በፖስታ አድርገው «ከሁላችን ነው» ብለው ሲሰጡኝ እጄን መሰብሰብ ነበረብኝ፤ ማኅበር አይሰጥም፣ እያንዳንዱ ሰው በስሙ፣ በአድራሻው፣ በፊርማው ነው። ቅር ያላቸው ነበሩ። ገንዘብ ያዣችን ደረሰኝ ይዛ በነጋታው ዕድሩ ላይ ተገኘችና አንድ በአንድ አስፈረመቻቸው።

ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም እንዲሁ። ከቀረጥ ነፃ ስለሆኑ ዕጩ መደገፍ አይፈቀድላቸውም፤ የምርጫውን ቀን ማስታወቅ ግን ይችላሉ። አባቶችን «ስለ እኔ ሳይሆን ስለ ቀኑ ንገሩልኝ» ስላቸው ደስ ብሏቸው አደረጉት።

ቀኑ ራሱ ግን አልረጋም። በምርጫ ክልሎች ካርታ ክርክር ምክንያት ፍርድ ቤት ፕራይመሪውን ከጁን 28 ወደ ጁላይ 19 አዛወረው። የታተመውን የቅስቀሳ ወረቀት ልጆቹ መሬት ላይ ቁጭ ብለው በአዲሱ ቀን ተለጣፊ ሸፈኑት። የባሰው፣ ትምህርት ከተዘጋ በኋላ የእኛ ሰው ቤተሰቡን ይዞ አገር ቤት ይገባል። በመጨረሻው ሳምንት የምደውልላቸው ሁሉ ቦሌ፣ ባሕር ዳር፣ አዳማ ሆነው አነሱልኝ። ሐምሌ ላይ ምርጫ ካለ በፖስታ የሚላከውን የድምፅ መስጫ ወረቀት አስቀድሞ ማስጠየቅ የግድ ነው።

«የየት ነሽ?» የሚለው ጥያቄ ሳይነሳ የቀረበት ቀን የለም፤ ዘመኑ የጦርነት ነውና ሁሉም ቆስሏል። በአማርኛ ብቻ የታተመውን የቅስቀሳ ወረቀት አንዳንዶች አይተው መለሱት፤ በትግርኛና በአፋን ኦሮሞ ስንጨምርበት ተቀበሉት። ስለ አገር ቤት የምለውን ለሚጠይቁኝ ካውንቲው ስለ አውቶቡስ፣ ስለ ኪራይና ስለ ትምህርት ቤት በጀት እንጂ ስለዚያ እንደማይወስን እነግራለሁ። አንዳንዱ ይስማማል፣ አንዳንዱ በሩን ይዘጋል።

አንድ ድምፅ ምን ይለውጣል ላላችሁኝ፦ የካውንቲውን አስተዳዳሪ ፕራይመሪ ተመልከቱ። በ2018 በ77 ድምፅ፣ ዘንድሮ ድጋሚ ተቆጥሮ በ32 ድምፅ ነው ያለቀው፤ ሁለቱም ጊዜ በእነዚያው ሁለት ተወዳዳሪዎች መካከል። የአንድ ሰርግ ታዳሚ ይበልጣል።

ከድጎማው የተረፈው ገንዘብ ወደ ካውንቲው ፈንድ ይመለሳል፤ ሒሳቡን ገንዘብ ያዣችን እየዘጋች ነው። የግቢ ምልክት ያላችሁ እባካችሁ ንቀሉት፤ ሽቦውን አትጣሉ፣ መጥቼ እወስዳለሁ። በስቴቱ ምርጫ ቦርድ ድረ ገጽ ላይ ስማችሁን፣ የትውልድ ቀናችሁንና ዚፕ ኮዳችሁን ብታስገቡ ፓርቲ የሚለው ላይ ምን እንደተጻፈ ታያላችሁ፤ የወላጆቻችሁንም እይላቸው። በ2026 ለመወዳደር የሚያስብ ካለ ይደውልልኝ፤ ስም በስም የለቀምነው ዝርዝር እኔ ጋ አለ።